ባለ 46 ዕቃ የመፍቻ ሳጥን ለአንድ ሞተር ይበቃል?

በአንድ የኢንተርኔት መድረክ ላይ የቀረበው ጥያቄ አጭር ነው። ጠያቂው በሆንዳ ሲጂ 125 አምሳል የተሠራ ሞተር ሳይክል አለው፤ ኢንጅኑ አንድ ሲሊንደር፣ በአየር የሚቀዘቅዝ፣ ቫልቮቹ በገፊ ዘንግ የሚንቀሳቀሱ። ዘይት መቀየር፣ ካቴና ማጥበቅ፣ ካንዴላ ማየትና ቫልቭ ማስተካከልን ከእንግዲህ ጋራዥ ሳይሄድ በራሱ እጅ ሊሠራ ቆርጧል። ገበያ ላይ በፕላስቲክ ሳጥን የሚሸጠውን ባለ 46 ዕቃ የቡሶላ (እጀታ ላይ እየተሰካ ዳዶ የሚፈታ ክብ መፍቻ) ስብስብ አይቶ፣ ይህ ካለ ሌላ ምን ያስፈልጋል ይላል፤ ተሳስቼ እንደሆነ አርሙኝ ብሎም ይጨርሳል። ከሥሩ 22 ምላሽ ተከማቸ። ሞተር ያለው ሰው ሁሉ ቢያነበው የሚጠቀምበት ስለሆነ የተደጋገመውን ትቼ በቅደም ተከተል ላስቀምጠው።

1ኛው ምላሽ ከጠያቂው ጋር ተስማማ። በጃፓን አሠራር 6 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ብሎን በ10 ቁጥር ይፈታል፣ 8 ሚሊሜትሩ በ12፣ 10 ሚሊሜትሩ በ14። ሳጥኑ ሦስቱንም ይዟል። ስለዚህ የነዳጅ ታንከር፣ የመሪ ማሰሪያ፣ የማርሚታ ማሰሪያ፣ የጎን ክዳን ሁሉ በእሱ ይፈታል የሚል ነው ሐሳቡ።

2ኛው በትሕትና ግን ነጥብ በነጥብ አረመው። የሳጥኑ ትልቁ ቡሶላ 14 ነው። በዚህ ኢንጅን ላይ የሚገባው ካንዴላ ክሩ 12 ሚሊሜትር፣ መፍቻው 18 ነው፤ ሳጥኑ ውስጥ የለም። የኋላ ጎማው ዘንግ ዳዶም ከ14 ይበልጣል፤ ካቴና ለማጥበቅ ደግሞ መጀመሪያ የሚላላው እሱ ነው። እንግዲህ ከታሰቡት አራት ሥራዎች ቢያንስ ሁለቱ ሳይጀመሩ ይቆማሉ። 46 የሚለው ቁጥርም ብዙ አያስደስት፤ ግማሽ ያህሉ የካቻቢቴ ጫፍ ነው። የእጀታው መሰኪያ የሩብ ኢንች ስለሆነ ቧንቧ ሰክቶ በጉልበት መጫን አይቻልም፤ ውስጡ ያለው ጥርስ ይረግፋል።

3ኛው ከመቀመጫው ሥር ወይም በጎን ክዳኑ ውስጥ ካለው የፋብሪካ ቦርሳ ጀመረ። የካንዴላ መፍቻው ቱቦ አይጣል አለ፤ ለዚያው ካንዴላ ተብሎ የተለካ ነው፣ ጠባቡም ቦታ ይገባል። ከላሜራ የተቀጠቀጡት ሁለት አፍ መፍቻዎች ግን መንገድ ላይ ለችግር ቀን ብቻ ናቸው፤ አፋቸው ይከፈትና የዳዶውን ማዕዘን ይበላሉ። በእነሱ ምትክ 8፣ 10፣ 12፣ 14፣ 17 እና 19 ቁጥር፣ አንዱ ጫፍ ክፍት አንዱ ጫፍ ቀለበት የሆነ መፍቻ በነጠላ መግዛት ይሻላል፣ ከመግዛቱ በፊትም የራሱን ዘንግ ዳዶ ለክቶ ይሂድ አለ። ቀለበቱ ባለ ስድስት ማዕዘን ይሁን፤ ባለ አሥራ ሁለቱ የዛገ ዳዶ ላይ ይንሸራተታል።

ከውይይቱ ሁሉ ይበልጥ የጠቀመኝ 4ኛው ነው። ስለ ካቻቢቴ ነው። በጃፓን መለኪያ የሚሠሩ ሞተሮች ላይ ያለው ባለ መስቀል ብሎን ከተራው ባለ መስቀል ጋር መንትያ ይመስላል እንጂ አንድ አይደለም። ብዙዎቹ ራሳቸው ላይ፣ ከመስቀሉ ጎን፣ በመርፌ እንደተወጋች የምትመስል አንዲት ነጥብ አለቻቸው። ተራው ካቻቢቴ ጫፉ ሾጠጥ ስለሚል መስቀሉ ወለል ላይ ሳይቀመጥ በጎኖቹ ብቻ ይይዛል፤ ሲጠመዘዝ ወደ ላይ ይወጣና መስቀሉን ይልጠዋል። መፈተኛውም ቀላል ነው፦ ብሎኑን በጣት ይዞ ካቻቢቴውን አግድም መሰካት። የሚስማማው ሳይወድቅ ቀጥ ብሎ ይቆማል፣ የማይስማማው ይዘነበላል። የካርቡራተሩ ሥር ያለው ጎድጓዳ ሳህንና የኢንጅኑ የጎን ክዳኖች ብዙ ጊዜ በዚህ ዓይነት ብሎን ነው የሚታሰሩት። የጎን ክዳኑ ብሎን ብረት፣ ክዳኑ አሉሚኒየም ስለሆነ ከጊዜ ብዛት ይጣበቃሉ። በዚያ ላይ የማይስማማ ካቻቢቴ ሲመጣ መስቀሉ ተልጦ ክብ ቀዳዳ ሆኖ ይቀራል፤ ከዚያ በኋላ ብዙ ጊዜ በመሰርሰሪያ ካልሆነ አይወጣም።

5ኛው እዚያው ላይ ጨመረ። በመዶሻ የሚመታ ካቻቢቴ ይገዛ አለ። ሲመታ ራሱ ይዞራል፤ ምቱ ብሎኑን ወደ ታች ስለሚጫነው አይንሸራተትም። አሠራሩም፦ አቅጣጫውን ወደ መፍታት ማዞር፣ ጫፉን መስቀሉ ውስጥ ማስቀመጥ፣ እጀታውን በእጅ ወደ ግራ ወጠር አድርጎ መያዝ፣ ከዚያ አንድ ጠንካራ ምት። ደካማ አሥር ምት ከአንድ ጠንካራ ምት የከፋ ነው፤ ጫፉ ይነጥርና መስቀሉን ያበላሻል። ካርቡራተር ላይ ግን በፍጹም። ሰውነቱ ለስላሳ ቅይጥ ስለሆነ ይሰነጠቃል።

6ኛው የማጥበቂያ ኃይል መለኪያ መፍቻ ይገዛ ወይ ብሎ ጠየቀ። የሚያውቀው ጋራዥ ለመኪና የሚጠቀምበትን ባለ ግማሽ ኢንች ሊያውሰው ይችላል። 7ኛው በቁጣ መለሰ። የመኪናው መፍቻ መለኪያው የሚጀምረው ብዙ ጊዜ ከ28 ወይም ከ40 ኒውተን ሜትር ነው፤ 6 ሚሊሜትሩ ብሎን የሚፈልገው ደግሞ 10 ያህል ብቻ። መፍቻው ጠቅ ሳይል ብሎኑ ይበጠሳል፣ ወይም የአሉሚኒየሙ ክር ይነቀላል፤ ሞተር የሚያበላሹት እንዲህ ያሉ ሰዎች ናቸው አለ። ቃሉ ከረረ፤ ቁጥሩ ግን ልክ ነው። የሚያስፈልገው ከ5 እስከ 25 ኒውተን ሜትር የሚለካው ትንሹ ነው። እሱን ለመግዛት አቅም ለሌለው ሰው ደግሞ ያው ጻፊ ጥሩ ዘዴ ሰጠ። 10 ቁጥር መፍቻውን ጫፉ ላይ ሳይሆን ከቀለበቱ አጠገብ በሦስት ጣት ብቻ መያዝ፤ ክንድና ትከሻ አይግባበት። በዚህ አያያዝ 6 ሚሊሜትር ብሎን ለመበጠስ የሚሆን ኃይል አይገኝም።

8ኛው ለጠያቂው አዝኖ፣ እንግዲያውስ የካንዴላውን ክር ግሪስ ቢቀባው በቀላሉ ይገባል አይጣበቅምም አለ። 9ኛው ወዲያው ተቃወመው። ክር ሲቀባ ፍትጊያው ይቀንሳል፤ ያው የእጅ ኃይል ካንዴላውን ከሚገባው በላይ ይስበዋል፣ የቴስታውም (የሲሊንደሩ ራስ) ክር ይዘረጋል። ኤንጂኬን የመሰሉ አምራቾችም ካንዴላቸው ክሩ ላይ ልባጥ ስላለው ምንም ነገር አትቀቡ ይላሉ። ትክክለኛው መንገድ ቴስታው ቀዝቅዞ፣ ጉድጓዱ ዙሪያ ያለው አሸዋ በአየር ተነፍቶ፣ ካንዴላው በጣት ብቻ እስኪቆም መዞር ነው። በጣት ካልዞረ ክር ስቷልና ይውጣ። በጣት ከቆመ በኋላ አዲስ ከሆነ ቀለበቱ እንዲጨፈለቅ ግማሽ ዙር ያህል፣ አሮጌው ሲመለስ ደግሞ ከዙሩ አንድ አሥራ ሁለተኛ፣ የሰዓት የደቂቃ ቆጣሪ እጅ በአምስት ደቂቃ የምትሄደውን ያህል ብቻ። የጫፉ ክፍተት ከ0.6 እስከ 0.7 ሚሊሜትር ነው። 8ኛው ተመልሶ መጥቶ አመሰገነ፤ እንዲህ መታረምን በጸጋ መቀበል ሌላውም ቢለምደው ጥሩ ነበር።

ከ10 እስከ 12 ያሉት ስለ ዘይት ናቸው። 10ኛው የመኪና ዘይት ያው ዘይት ነው፣ ርካሹን ግዛ አለ። 11ኛው በዚህ ሞተር ፍሪሲዮኑ የሚዋኘው በዚያው በኢንጅኑ ዘይት ውስጥ መሆኑን አስታወሰ። ነዳጅ ለመቆጠብ ተብለው የሚሠሩ ቀጫጭን የመኪና ዘይቶች ፍትጊያ የሚቀንስ ቅመም ስላላቸው የፍሪሲዮኑን ሸራዎች ያንሸራትታሉ። ምልክቱ ዳገት ላይ ይታያል፤ ጋዝ ሲሰጥ ኢንጅኑ ይጮኻል፣ ፍጥነቱ ግን አይጨምርም። ጣሳው ላይ ጃሶ ኤምኤ (JASO MA) የሚል ጽሑፍ መፈለግ ነው፤ ዘይቱ እንዲህ ላለ ፍሪሲዮን እንደሚስማማ የሚናገር ምልክት ነው። 12ኛው መሐል ገባ፦ ወፍራሙ 20ደብሊው50 የመኪና ዘይት ብዙ ጊዜ ያ ቅመም ስለሌለበት፣ ሌላ በጠፋበት ገጠር ያለ ሰው በእሱ ቢሠራ ፍሪሲዮኑ ወዲያው ይበላሻል ብሎ ማስፈራራት ልክ አይደለም። ሁለቱም እውነት ይዘዋል። መጠኑን በተመለከተ ግን አልተለያዩም። በሆንዳ ሲጂ 125 ዘይት ሲቀየር የሚገባው 0.9 ሊትር ነው። ባለ አንድ ሊትሩን ጣሳ ጨርሶ መገልበጥ ስሕተት ነው፤ የተረፈው ለካቴናው ይሆናል። ሲለካ ሞተሩ በመካከለኛው ማቆሚያ ቀጥ ብሎ ይቁም፤ የመለኪያው ዱላ ተጠርጎ ሳይጠመዘዝ ቀዳዳው ላይ ብቻ ይቀመጥ። ጠምዝዞ የሚለካ ሰው ዘይቱ ጎድሎም ሞልቷል ብሎ ይነዳል። የመውጫው ብሎን ማሸጊያ ቀለበትም በየቅያሬው ይለወጥ፤ ዘይት ሲያንጠባጥብ ብሎኑን ደጋግሞ ማጥበቅ የካርተሩን (ዘይቱን የሚይዘው የኢንጅኑ አካል) ክር የሚነቅል እሱ ነው።

13ኛው ከርዕሱ ወጣ። በአዲስ አበባ ሞተር ከ2011 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ያለ ፈቃድ እንዳይንቀሳቀስ መደረጉን አንሥቶ፣ ፈቃድ ያላወጣ ሰው መፍቻ ምን ይሠራለታል ወደሚል ክርክር ሊወስደው ፈለገ። የመድረኩ አስተናባሪ ጉዳዩ ራሱን የቻለ ውይይት ይገባዋል ብሎ ዘጋው፤ ጥሩ አደረገ።

14ኛው ስለ ካቴና ጻፈ፣ እዚህ ላይ ውይይቱ ጋለ። ሞተሩን በመካከለኛው ማቆሚያ አቁሞ፣ አስነሥቶ፣ አንደኛ ማርሽ አስገብቶ ካቴናው ሲዞር በጨርቅ መጥረግ ፈጣን ነው አለ። 15ኛው ያለ ሰላምታ ጀመረ። ጨርቁ በካቴናውና በኋላው ጥርስ መካከል ሲያዝ ጣት ይዞ ይገባል፤ የሚቆርጠው በዓይን ጥቅሻ ነው፤ እጅን ስቦ ለማውጣት የሚሆን ጊዜ የለም። ይህን ምክር ከመድረኩ አጥፉት፣ ልጆች ያነቡታል አለ። ቁጣው በቦታው ነው። አስተናባሪው ጽሑፉን ባያጠፋውም በላዩ ማስጠንቀቂያ አስቀመጠበት። ካቴና የሚጸዳው ኢንጅኑ ጠፍቶ፣ ማርሹ ዜሮ ላይ ሆኖ፣ ጎማው በእጅ ወደ ኋላ እየተገፋ ነው። ወደ ኋላ ሲዞር የታችኛው ካቴና ከኋላው ጥርስ ሥር ወደ ኢንጅኑ ስለሚሸሽ ጨርቁ ከኋላው ጥርስ ይርቃል፤ ቁልፉ ደግሞ ኪስ ውስጥ ይሁን።

16ኛው አካሄዱን በሙሉ አስቀመጠው። ማጽጃው ላምባና አሮጌ የጥርስ ብሩሽ ነው። ቤንዚን ስቡን ከመገጣጠሚያው ጠርጎ ያወጣዋል፣ እሳትም ነው። ከደረቀ በኋላ 90 ቁጥር የካምቢዮ ዘይት በውስጠኛው በኩል፣ ጠብታ በጠብታ በየመገጣጠሚያው፤ ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ በውጭ ያለው ይጠረግ፣ አለዚያ አቧራ ሰብስቦ ሞረድ ይሆናል። ርግበቱ ከፊቱና ከኋላው ጥርስ መካከል፣ የታችኛው ካቴና ላይ ይለካል፤ ለዚህ ዓይነት የመንገድ ሞተር ወደ ላይና ወደ ታች ከ20 እስከ 30 ሚሊሜትር። የጭቃ መንገድ ሞተሮች ረጅም ሞላ ስላላቸው ከዚያ የላላ ይፈልጋሉ። ጎማውን እያዞሩ በሦስት አራት ቦታ መለካት ግድ ነው፤ ካቴና እኩል አያልቅም። የሚስተካከለውም ጥብቅ በሆነበት ቦታ ነው። የተወጠረ ካቴና ጉድጓድ ሲገባ የሚሄድበት ስለሌለው የኢንጅኑን መውጫ ዘንግ ኩሽኔታ ይስባል፤ ያን ለመቀየር ኢንጅን ይከፈታል። ከላላ ካቴና የጠበቀው ይብሳል የሚባለው ለዚህ ነው።

ካቴናው ማለቁን ለማወቅም ያው ጻፊ በሜትር ለኩ አለ። 428 ቁጥር ካቴና ከመገጣጠሚያ እስከ መገጣጠሚያ 12.7 ሚሊሜትር ነው። ተወጥሮ ከመጀመሪያው መገጣጠሚያ እስከ ሃያ አንደኛው ሲለካ አዲሱ 254 ሚሊሜትር ይሆናል፤ 259 ከደረሰ ሁለት በመቶ ተስቧልና ይጣል። ሲጣልም ከሁለቱ ጥርሶች ጋር ነው፤ አሮጌ ጥርስ አዲስ ካቴና ይበላል። የመዝጊያው ክሊፕ ድፍኑ ጫፍ ካቴናው ወደሚሄድበት ይዙር፣ ክፍቱ ወደ ኋላ። በተቃራኒው ከተገጠመ ድንጋይ ወይም ሽቦ ሲነካው ተንሸራቶ ይወጣል፤ ካቴናውም በሩጫ ላይ ይፈታል።

17ኛው ጎማ መፍታትን አነሣ፤ በአጭሩ። በካልማዳሪያ የሚሠራ ጎማ በሁለት ማንሻ ብረት ይወጣል፤ ምሥጢሩ ጉልበት አይደለም፣ ተቃራኒው ጠርዝ ወደ ቸርኬው መሐል ጎድጓዳ እንዲገባ ተንበርክኮ መጫን ነው። ሲመለስ የመጨረሻው ጠርዝ የሚገባው መንፊያው ያለበት ቦታ ላይ ይሁን። የቀረውን ለጎሚስታ ተዉለት አለ፤ ብዙዎች ተስማሙ።

18ኛው ወደ ቫልቭ መለሰን። ኢንጅኑ ሌሊቱን ቀዝቅዞ ያደረ መሆን አለበት። ካንዴላው ይወጣል፣ ከላይ ያለው የቫልቭ ክዳን ይነሣል፣ በግራ በኩልም ፍላይዊሉ (ከኢንጅኑ ዘንግ ጋር የሚዞረው ከባድ ብረት) ላይ ያለችው የቲ ምልክት እንድትታይ ይደረጋል። ሞተሩ በመካከለኛው ማቆሚያ ቆሞ የመጨረሻው ማርሽ ይግባና የኋላ ጎማው ወደ ፊት በእጅ ቀስ እያለ ይዙር። የመግቢያው ቫልቭ ወርዶ ሲመለስ፣ ቲዋ ከማይዞረው የኢንጅኑ ምልክት ጋር እስክትገጥም መቀጠል። እዚያ ላይ ቫልቮቹን የሚጫኑት ሁለቱም ጫፎች በጣት ሲነኩ ትንሽ መንቀሳቀስ አለባቸው። አንዱ ጠብቆ ከተገኘ ፒስቶኑ ከላይ የደረሰው በተሳሳተው ዙር ነውና ፍላይዊሉ አንድ ሙሉ ዙር ይጨመር። ክፍተቱ በሆንዳው ሲጂ 125 ለሁለቱም 0.08 ሚሊሜትር ነው። ክፍተቱን የሚለካው ስስ ላሜራ ሲገባና ሲወጣ ቅቤ ላይ እንደሚሄድ ቢላ ትንሽ ያዝ ማድረግ አለበት።

19ኛው የመለኪያ ላሜራ ለሌለው ሰው ባለ ሁለት አፍ የጢም ምላጭ ይበቃል አለ። 20ኛው ያን ምክር ባይወደውም በትክክል መዘነው። የምላጭ ውፍረት 0.1 ሚሊሜትር ነው፤ ከሚፈለገው 0.02 ይሰፋል። ኢንጅኑ ትንሽ ቲክ ቲክ ይላል እንጂ አይጎዳም። ጉዳት ያለው በተቃራኒው ነው። ጠባብ ክፍተት ኢንጅኑ ሲሞቅ ጨርሶ ይጠፋል፤ የማውጫው ቫልቭ ወንበሩ ላይ ስለማይቀመጥ ሙቀቱን ለቴስታው ማስተላለፍ አቅቶት ጠርዙ ይቃጠላል። ሞተሩ ጠዋት አልነሣ ሲል፣ ሲሞቅም ዝቅ ባለ ዙር አልቆም ሲል መጠርጠር ያለበት ይህ ነው። ስለዚህ ድምፅ የጠፋበት ቫልቭ ከሚያንኳኳው ይልቅ ያሳስብ አለ። በስሜት የጻፈው ቢሆንም ከዚህ ውይይት አንድ ነገር ብቻ ይዘህ ሂድ ብባል ይህችን እመርጣለሁ። ቀጥሎ ግን እሱም ከርዕሱ ወጣ፦ አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2300 ሜትር በላይ ስለሆነች አየሩ ስስ ነው፣ በካርቡራተር የሚሠራ ሞተር ነዳጅ ይበዛበታል፣ ካንዴላውም ጥቁር ጥላሸት ለብሶ ይወጣል። ያኔ ዋናው ጄት (ነዳጅ የሚያልፍባት ባለ ቀዳዳ ናስ) በትንሽ ቁጥር ይቀየራል። በዚያው ጄት ወደ አዋሽ ወይም ወደ ሰመራ የሚወርድ ሰው ግን የድሮውን ጄት ኪሱ ይያዝ፤ ቆላ ላይ ነዳጅ ያነሰው ኢንጅን ይግላል፣ ፒስቶኑም ሊያዝ ይችላል። ጄት ሲደፈን ደግሞ በሽቦ መውጋት አይገባም፤ ቀዳዳው ይሰፋል።

21ኛው ጠያቂው ራሱ ነው። ሳጥኑን ትቶ ነጠላ መፍቻዎች፣ የሚስማማ ካቻቢቴና የመለኪያ ላሜራ ይዞ መጥቷል። ቫልቩን 0.08 ላይ አስተካክሎ ማሰሪያ ዳዶውን ሲያጠብቅ ላሜራው አልገባ ብሎታል፤ ሦስት ጊዜ ደግሞትም ያው ነው።

22ኛው ምክንያቱን ወዲያው አገኘው። ዳዶው ሲጠብቅ ማስተካከያውን ዘንግ አብሮ ወደ ቀኝ ያዞረዋል፣ ክፍተቱም ይጠባል። ላሜራው ሳይወጣ እዚያው ተቀምጦ፣ የማስተካከያው አራት ማዕዘን ጫፍ በትንሽ መፍቻ እንዳይነቃነቅ ተይዞ፣ ዳዶው በሌላ እጅ በቀለበት መፍቻ ይጠብቅ። ከዚያ ላሜራው ይውጣ፤ ፍላይዊሉ ሁለት ሙሉ ዙር ዞሮ ቲዋ ላይ ሲመለስ እንደገና ይለካ። 0.08 ያዝ እያለ ገብቶ 0.10 ካልገባ ክዳኑ ይዘጋ።